ድር ሳያብር አንበሳ ያሰረው አቶም

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ሐበሻ ያለ አይመስለንም። የኅብረት ነገር በተነሳ ቁጥር ከአፋችን አይጠፋም። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ይህን ተረት የሚገዳደር ታሪክ ይዞ መጥቷል። ባለታሪኩ አንድ አቶም ነው። አዎ፣ አንድ! ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ እልፍ ሆነው ያልቻሉትን ሥራ የሚሠራ አቶም። ሥራውም ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደሚጠቅም ነገር መለወጥ ነው።

ስለዚህ ሙያ የሚጻፉ ጽሑፎች ታሪኩን ብዙውን ጊዜ ከ2011 ይጀምሩታል፤ ከዚያ በፊት ምንም ያልነበረ ይመስል። እኛ በዚህ አንስማማም። የነገሩ ሥር ወደ ኋላ ሁለት መቶ ዓመት ይሄዳል፤ መንገዱም በአንድ ፋኖስ፣ በጉንዳን አሲድና በተሰነጠቀ የቀለም ፋብሪካ ጋን በኩል ያልፋል። ታሪኩን ከሥሩ መያዝ ደግሞ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ነገ «አንድ አቶም ዓለምን ሊያድን ነው» የሚል ወሬ ሲደርሰን ስንቱን አምነን ስንቱን እንደምንተው የምናውቀው በዚህ መንገድ ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽማግሌው

ሁለት ቤተሰቦች ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ይሄዳል፣ ያስማማል፣ ይመለሳል። ሠርጉ የእሱ አይደለም። እንደመጣ ይሄዳል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ቤት ይላካል። በኬሚስትሪም እንዲህ ያለ ሽማግሌ አለ፤ ካታሊስት ይባላል። ብቻቸውን ቢተዉ ዘመን የሚፈጅባቸውን ነገሮች ቶሎ ያገናኛል፤ ራሱ ግን በሥራው አያልቅም።

በ1823 በጀርመን የየና ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዮሃን ቮልፍጋንግ ዶበርአይነር ሃይድሮጅን ጋዝን አየር ባለበት ስፖንጅ በመሰለ ፕላቲነም ላይ ለቀቀበት። ጋዙ ያለ ክብሪት ተቀጣጠለ። ፕላቲነሙ ግን ምንም አልሆነም። ዶበርአይነር ይህን ይዞ እሳት ማቀጣጠያ ፋኖስ ሠራ፤ ክብሪት ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ፋኖሱ በአውሮፓ ብዙ ቤቶች ገባ። ስም ያወጣለት ግን ሌላ ሰው ነው። በ1835 ስዊድናዊው ኬሚስት ዮንስ ያኮብ ቤርሴሊየስ እንዲህ ያሉ ክስተቶችን ሰብስቦ «ካታሊሲስ» የሚል ስም ሰጣቸው። ስሙ ወጣ እንጂ ምስጢሩ አልተፈታም። ፕላቲነሙ ላይ ሥራውን የሚሠራው የትኛው ክፍል ነው? ሁሉም ነው ወይስ ጥቂቱ?

መልስ የሚመስል ነገር እስኪገኝ ዘጠና ዓመት ፈጀ። በ1925 በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው እንግሊዝ ተወላጁ ሂው ስቶት ቴይለር አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። በካታሊስት ገጽ ላይ ያሉ አቶሞች ሁሉ እኩል አይሠሩም፤ ሥራው የጥቂት ልዩ ቦታዎች ነው አለ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ይህ ነበር፦ ገጹን በሙሉ ለመሸፈን የማይበቃ ጥቂት መርዝ መላውን ካታሊስት ያሰንፈዋል። ሁሉም አቶም ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ጥቂት መርዝ ጥቂቱን ብቻ በጎዳ ነበር። ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ማሳው ላይ ሃምሳ ሰው ይታያል፤ የሚያጭደው ግን ስንቱ ነው?

ልብ በሉ፣ ይህ የሒሳብም ጥያቄ ነው። ከአንዲት የፕላቲነም ፍሬ ውስጥ መሃል የተቀበሩት አቶሞች ከጋዙ ጋር ፈጽሞ አይገናኙም። ገንዘብ ወጥቶባቸው ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል ማለት ነው። እንግዲያው እያንዳንዱን አቶም ለብቻው በትኖ ሁሉንም ሥራ ላይ ማዋል ቢቻልስ? ሕልሙ ከዚህ ይጀምራል።

የጉንዳኑ አሲድ

አሁን ወደ ሌላኛው የታሪካችን ክር እንለፍ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እምቢተኛ ሞለኪውል ነው። እንጨቱ፣ ከሰሉ፣ ቤንዚኑ ነደው ነደው የሚደርሱበት ማረፊያ እሱ ነው፤ እንደ አመድ ቁጠሩት። አመድን መልሶ እንጨት ማድረግ ኃይል ይጠይቃል። ዕፅዋት ኃይሉን ከፀሐይ ያገኛሉ። ሰው ደግሞ ከኤሌክትሪክ ላግኘው ቢልስ?

ይህን ጥያቄ ያነሳው የዘመናችን የአየር ንብረት ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። በ1870 ሮዬ የተባለ ተመራማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሟሟበት ውሃ ውስጥ የዚንክ ኤሌክትሮድ ነክሮ ኤሌክትሪክ ለቀቀና ፎርሚክ አሲድ አገኘሁ ብሎ በፈረንሳይኛ አሳተመ። ፎርሚክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከጉንዳን ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን ሬይ በ1671 ጉንዳን አፍልቶ ያወጣው እሱን ነበርና። እንግዲህ ከጭስ ወደ ጉንዳን አሲድ የሚወስደው መንገድ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ነገሩ በዝግታ ነበር የሚጓዘው። ነዳጅ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ከጭስ ነዳጅ ለመሥራት ማን ይደክማል? ሁኔታውን ከቀየሩት ነገሮች አንዱ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። ያኔ ነዳጅ አስመጪ የሆኑ አገሮች፣ ጃፓንም ጭምር፣ ሌላ መንገድ ይፈልጉ ጀመር።

ከዚህ ዘመን ሰዎች መሃል በዚህ ሙያ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው በቺባ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዮሺዮ ሆሪ ነው። ሆሪና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ ብረታ ብረቱን አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ከእያንዳንዱ የሚወጣውን ነገርም በጥንቃቄ ለኩ። ከ1985 ጀምሮ የታተመው ውጤታቸው የእያንዳንዱን ጠባይ ያሳያል። ወርቅና ብር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣሉ። ቆርቆሮና እርሳስ ወደ ጉንዳኑ አሲድ ያደላሉ። መዳብ ለብቻው ነው፤ ሚቴንና ኢትሊንን የመሰሉ ጋዞች ያወጣል። ኒኬል፣ ብረትና ፕላቲነም ግን አሳፈሩ። ኤሌክትሪኩን ተቀብለው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ትተው ውሃውን ሃይድሮጅን ያደርጉታል። አደራ የተሰጠውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ያጠፋ ሰው በሏቸው!

ኒኬልን እዚህ ላይ ያዙልን። በኋላ እንመለስበታለን።

ሰማያዊው አደጋ

ሦስተኛው ክር የሚመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው፤ ከቀለም ፋብሪካ። በ1928 በስኮትላንድ ግሬንጅማውዝ በሚገኝ ፋብሪካ ሠራተኞች ነጭ መሆን የነበረበት ምርታቸው ውስጥ ሰማያዊ ነገር አዩ። ሲጣራ ጋኑ የውስጥ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ኬሚካሉ በስንጥቁ ገብቶ ከውጭኛው ብረት ጋር ተገናኝቷል። ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነበረው ፓትሪክ ሊንስቴድ ሰማያዊውን ነገር መርምሮ በ1934 ውጤቱን አሳተመ። የተገኘው ፍታሎሳያኒን የሚባል ሞለኪውል ነው፤ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ በመሃሉ አንድ የብረት አቶም ይዟል። አቶሙን ከአራት አቅጣጫ የያዙት አራት ናይትሮጅኖች ናቸው።

ይህ አቀማመጥ ለተፈጥሮ አዲስ አይደለም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት በአራት ናይትሮጅኖች መሃል ነው የተቀመጠው። ቅጠልን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊልም እንዲሁ በመሃሉ አንድ ማግኒዚየም አስቀምጧል። የስኮትላንዱ ጋን ተፈጥሮ ቀድማ የምታውቀውን ዙፋን በአጋጣሚ ሠራ ማለት ነው።

ቀለሙ ለአርባ ዓመት ያህል ቀለም ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1964 የኮባልት ፍታሎሳያኒን ኦክስጅንን በኤሌክትሪክ በመለወጥ ሥራ ላይ እንደሚረዳ ታየ። በ1974 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የኮባልትና የኒኬል ፍታሎሳያኒን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ለመለወጥ እንደሚሠሩ አሳተሙ። ቆም ብለን እናስብ። ብቻውን በአራት ናይትሮጅኖች የተያዘ አንድ አቶም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲለውጥ በ1974 ታይቷል! «ነጠላ አቶም ካታሊስት» የሚለው ስም ከመሰማቱ ብዙ አስርት ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። ታሪኩ በ2011 አልተጀመረም ያልነው ለዚህ ነው።

ማየት ማመን ነው

ታዲያ 2011 ምን አመጣ? ማየትን አመጣ። እውነቱን ለመናገር ማየቱም የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በ1970 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ክሩ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነጠላ የዩራኒየምና የቶሪየም አቶሞችን አሳየ። እነዚህ ከባድ አቶሞች ስለሆኑ ጎልተው ይታያሉ። ቀለል ያሉትን በዕለት ተዕለት ሥራ አጥርቶ ለማየት ግን የማይክሮስኮፑ ሌንስ ጉድለት መታረም ነበረበት። ይህን በ1990ዎቹ ያሳኩት ሃይደር፣ ሮዘ፣ ኡርባንና ክሪቫኔክ በ2020 የካቭሊ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። መነጽሩ ሲጠራ ነጠላ አቶሞች እንደ ሌሊት ከዋክብት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተበትነው ታዩ።

ከዚያ በፊት ግን አንዲት ሴት በተንኮል የተሞላ ፈተና ሠርታ ነበር። በአሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ግሪካዊቷ ማሪያ ፍሊጻኒ ስቴፋኖፑሎስ ከባልደረቦቿ ጋር የወርቅ ካታሊስት ያዘችና በሳያናይድ አጠበችው። ሳያናይድ የሚታዩትን የወርቅ ፍሬዎች ጠርጎ ወሰደ። ወርቁ አብዛኛው ሄዷልና ሥራው መቆም ነበረበት። አልቆመም! በ2003 ያሳተሙት ይህ ውጤት ሠራተኞቹ ፍሬዎቹ ሳይሆኑ ከሥር ተጣብቀው የቀሩት፣ ለዓይን የማይታዩት የወርቅ አቶሞች ናቸው የሚል ነበር። ደቦው ተበተነ፣ እህሉ ግን መታጨዱን ቀጠለ።

በ2011 በቻይና የዳልያን ከተማ የዣንግ ታኦ ቡድን፣ ከሊ ጁንና ከሊዩ ጂንግዩዌ ጋር ሆኖ፣ በብረት ኦክሳይድ ላይ አንድ በአንድ የተበተነ ፕላቲነም ሠራ። ከጠቅላላው ክብደት ፕላቲነሙ 0.17 ከመቶ ብቻ ነበር። በማይክሮስኮፕ አዩት፣ በሥራ ፈተኑት፣ «ነጠላ አቶም ካታሊሲስ» የሚል ስም ሰጡት። ቤርሴሊየስ ለ1835 ያደረገውን እነሱ ለዘመናችን አደረጉ፤ ተበታትነው የነበሩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠሯቸው። ስም ቀላል ነገር አይደለም። ስም ሲወጣ ተማሪው ይመጣል፣ ገንዘቡም ይከተላል።

ኒኬል ጠባዩን ሲቀይር

ያዙልን ያልናችሁን ኒኬል አሁን እንልቀቀው። ኒኬል በጅምላ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ንቆ ሃይድሮጅን ብቻ ይሠራል ብለናል። ያንኑ ኒኬል አንድ በአንድ በትናችሁ፣ ናይትሮጅን በተጨመረበት ካርቦን ውስጥ ብታስቀምጡትስ? ጠባዩ ይገለበጣል። በ2018 በሲንጋፖር ናንያንግ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን እንዲህ በተበተነ ኒኬል ላይ ከተላከው ኤሌክትሪክ 97 ከመቶው ካርቦን ሞኖክሳይድ ለመሥራት መዋሉን አሳተመ። ለመቶ ሰዓት ሠርቶም ጉልበቱ እምብዛም አልቀነሰም።

ምክንያቱ ጎረቤት ማጣቱ ነው። ሃይድሮጅን በኒኬል ጅምላ ገጽ ላይ በቀላሉ ይለጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በዚያ ገጽ ላይ ከተለጠፈ አልላቀቅ ይላል፤ ቦታውን ዘግቶ ይቀመጣል። ብቻውን የተቀመጠው ኒኬል ግን ለሁለቱም እንዲህ አይመችም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደተሠራ ይሄዳል፤ ወንበሩ ለሚቀጥለው እንግዳ ይለቀቃል።

በ2019 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሎዛን የሁ ሺሌ ቡድን ተመሳሳይ ነገር በብረት ሠራ። ይህ ሥራ የሚታወሰው በዋጋው ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ተፈጥሮ የምትጠይቀው የራሱ የቮልቴጅ ታሪፍ አለው፤ ካታሊስቱ ደካማ ሲሆን ከታሪፍ በላይ ይከፈላል። የሎዛኑ ብረት ሥራውን የጀመረው ከታሪፉ በላይ 80 ሚሊቮልት ብቻ ተጨምሮለት ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲና ቻይናውያን ባልደረቦቹ የኮባልት ፍታሎሳያኒንን በካርቦን ቱቦዎች ላይ በትነው ከኤሌክትሪኩ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሜታኖል ለመሥራት አዋሉት። የቀለሙ ዘር ከዘጠና ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት አይደል?

«ካርቦን ሞኖክሳይድ እኮ መርዝ ነው፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ የሚገድለን እሱ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። በፋብሪካ ቧንቧ ውስጥ ሲሆን ግን ጥሬ ዕቃ ነው። ጀርመናውያኑ ፊሸርና ትሮፕሽ ከእሱና ከሃይድሮጅን ፈሳሽ ነዳጅ መሥራትን በ1920ዎቹ አሳይተዋል።

ተረቱ ይመለሳል

እስካሁን ብቸኛው አቶም አሸናፊ ነው። መዳብ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

በ2019 በፓሪስ ኮሌዥ ደ ፍራንስ የማርክ ፎንትካቭ ቡድን መዳብን አንድ በአንድ በትኖ ከኤሌክትሪኩ 55 በመቶውን ኢታኖል ለመሥራት አዋለ። ኢታኖል ሁለት ካርቦኖች የተያያዙበት ነው። አንድ አቶም ብቻውን ሁለት ካርቦን እንዴት አገናኘ? አንድ እጅ አያጨበጭብም! ቡድኑ ካታሊስቱን ሥራ ላይ እያለ በኤክስሬይ ተመለከተው። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት የመዳብ አቶሞቹ ተሰብስበው ጥቃቅን ፍሬ ይሆናሉ፤ ሥራው ሲያበቃ ተመልሰው ይበተናሉ። በ2020 በአሜሪካ አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚገኝ ቡድንም 91 በመቶ ለኢታኖል የዋለበትን ውጤት ሲያሳትም ተመሳሳይ ነገር አየ፤ ሠራተኞቹ ሥራው ላይ እያሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰባሰቡ አቶሞች ናቸው።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሥራ በፊትና በኋላ ፎቶ ብናነሳ «ነጠላ አቶም ነው» ብለን እንምላለን። እውነተኛው ሥራ የተሠራው ግን በመሃል፣ ፎቶ ባልተነሳበት ሰዓት፣ በኅብረት ነው። ጥርጣሬው ደግሞ በመዳብ ብቻ አይወሰንም። በ2015 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተመራ አንድ ጥናት በፈተሻቸው የፕላቲነም ካታሊስቶች ላይ ነጠላዎቹ አቶሞች ሥራ ፈት ናቸው፣ የሚሠሩት ፍሬዎቹ ናቸው ብሎ ነበር። የ2003ቱ የሳያናይድ ፈተና ግልባጭ መሆኑን አያችሁ?

እኛ ከዚህ ክርክር የምንወስደው ማን ተሸነፈ የሚለውን አይደለም። ቴይለር በ1925 «ሁሉም ይቆማሉ፣ ጥቂቶች ይሠራሉ» ሲል የተወልን ጥያቄ ዛሬም በእያንዳንዱ ካታሊስት ላይ እንደ አዲስ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ለመሥራት ሲሆን ለኒኬሉና ለብረቱ ብቸኝነት በጅቷቸዋል። ሁለት ካርቦን ለማያያዝ ሲሆን ግን ጎረቤት ሳያስፈልግ አልቀረም፤ ተረታችንም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም።

ታዲያ ዓለምን ያድናል ወይ?

ብቻውን አያድንም። ለምን እንደሆነ እንቁጠር።

አንደኛ፣ አመድን እንጨት ማድረግ ኃይል ይጠይቃል ብለናል። ሲነድ የሰጠንን ኃይል ሲመለስ ቢያንስ መክፈል ግድ ነው፤ የትኛውም ካታሊስት ይህን ዕዳ አይሰርዝም። ሽማግሌ ጥሎሹን አይከፍልም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የመጣው ከሰል ተቃጥሎ ከሆነ ካጠፋነው ጭስ ያመነጨነው ይበልጣል። ትርጉም የሚኖረው ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይ ወይም ከመሰሎቻቸው በሚገኝ ኃይል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከማሽኑ ውስጥ ያመልጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚሠሩት በብዙዎቹ የዛሬ መሣሪያዎች ከገባው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ወደ ካርቦኔት ጨውነት ተለውጦ ከሥራው ይወጣል፤ ጨውም ሲሆን ቀዳዳዎችን ይደፍናል።

ሦስተኛ፣ ተፎካካሪ አለ። ተራው የብር ኤሌክትሮድ ይህንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥሩ አድርጎ ይሠራል፤ ጠባዩም ከሆሪ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ነጠላው ኒኬል ብልጫው ርካሽነቱ ነው። ነገር ግን አቶሞች እንደ ጤዛ ጠብታ መሰባሰብ ይወዳሉ፤ ለዓመታት ሳይጠጋጉ በቦታቸው ማቆየት መቻሉ ገና በፋብሪካ ደረጃ መረጋገጥ አለበት።

ዓለም ከነዳጅና ከሰል በየዓመቱ የምታወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። በዚህ ፊት የመቶ ሰዓት የላቦራቶሪ ውጤት ትንሽ ነው፤ ከንቱ ግን አይደለም። ከዶበርአይነር ፋኖስ እስከ ቴይለር ሐሳብ መቶ ሁለት ዓመት አልፏል። ከሮዬ የጉንዳን አሲድ እስከ ሆሪ ሠንጠረዥ መቶ አስራ አምስት። ከሰማያዊው አደጋ እስከ ሜታኖሉ ዘጠና አንድ። ከ2011 ወዲህ የተሄደው መንገድ በዚህ መስፈሪያ ሲታይ እጅግ ፈጣን ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ነጠላ አቶም አዲስ ዜና ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁልን፤ «አቶሙን ያያችሁት ሥራ ላይ እያለ ነው ወይስ ሲያርፍ?» እና «ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ?»

ቸር ይግጠመን!